መዳቡ ያው ነው፣ ቀለሙ የጎረቤቶቹ ነው

ሰማያዊ የኮፐር ሰልፌት ክሪስታል በሙከራ ቱቦ ውስጥ አድርጋችሁ በእሳት አሙቁት። ትንሽ ቆይቶ ቱቦው አፍ ላይ የውሃ ጠብታ ይሰበሰባል። ሰማያዊው እየደበዘዘ ይሄድና መጨረሻ ላይ ነጭ ዱቄት ብቻ ይቀራል። ሲበርድ አንድ ጠብታ ውሃ ጣል አድርጉበት። ሰማያዊው ወዲያው ይመለሳል፤ ቱቦውም ሞቅ ይላል።

ይህን ሙከራ ትምህርት ቤት ያየ ሰው ብዙ ነው። የሚሰጠው ማብራሪያ አብዛኛውን ጊዜ «ውሃው ወጣ፣ ውሃው ገባ» የሚል ነው። እውነት ነው፣ ግን ጥያቄውን አይመልስም። ብርጭቆ ውስጥ ያለ ውሃ ቀለም የለውም። መዳቡም የትም አልሄደም። ታዲያ ሰማያዊው ከየት መጣ?

ነገሩን ትንሽ እናጥብቀው። ያንኑ ሰማያዊ ክሪስታል በውሃ አሟሙና አሞኒያ ጨምሩበት። መጀመሪያ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ዝቃጭ ይወርዳል። አሞኒያው ሲበዛ ዝቃጩ ይሟሟና ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ደማቅ ሰማያዊ ይሆናል። በሌላ ብርጭቆ ባለው ላይ ደግሞ በአሞኒያው ፈንታ ጠንካራ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ብትጨምሩ ወደ አረንጓዴ ይዞራል፤ ሲበዛ ቢጫም ይቀላቀልበታል። (ይህኛውን ላቦራቶሪ ውስጥ እንጂ ቤት አትሞክሩት።) በሁሉም ውስጥ ያለው መዳብ አንድ ነው። የተቀየሩት ዙሪያውን የከበቡት ናቸው፦ ውሃ፣ አሞኒያ፣ ክሎራይድ። ኬሚስቶች ሊጋንድ ይሏቸዋል። እኔ ጎረቤት ብላቸው ደስ ይለኛል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚባለው ለመዳብም ይሠራል።

የምናየው ቀለም ከነጭ ብርሃን ላይ ተቀንሶ የተረፈው ነው። በውሃ የሟሟ ኮፐር ሰልፌት አብዝቶ የሚመጥጠው የሞገድ ርዝመቱ 800 ናኖሜትር አካባቢ የሆነውን ብርሃን ነው። ይህ ዓይናችን ከሚያየው ቀይ አልፎ ያለ ነው። ግን የመምጠጫው ጉብታ ሰፊ ስለሆነ ጭራው ቀዩን ይበላዋል። ቀዩ የተበላበት ብርሃን ፈካ ያለ ሰማያዊ ሆኖ ይታየናል። አሞኒያ ሲገባ ጉብታው ወደ 600 ናኖሜትር ይመጣል። አሁን የሚበላው ቢጫውና ብርቱካናማው ነው። የሞገድ ርዝመቱ አጠረ ማለት የሚፈለገው ጉልበት ጨመረ ማለት ነው። አሞኒያ ሲከብበው መዳቡ ውስጥ ያለ አንድ ነገር ለመዝለል የበለጠ ጉልበት ጠየቀ ማለት ነው። የሚዘለው ኤሌክትሮን ነው። ከየት ወደ የት ይዘላል? ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ግን አንድ ሰው ማስተዋወቅ አለብኝ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኬሚስቶች ኮባልት፣ ክሎሪንና አሞኒያ ያለባቸው ተከታታይ ጨዎች ሠርተው ነበር። ምን ዓይነት መዋቅር እንዳላቸው አያውቁም። ስለዚህ በቀለማቸው ሰየሟቸው፤ በላቲን። ሉቴዮ ቢጫው፣ ፑርፑሬዮ ወይን ጠጁ፣ ፕራሴዮ አረንጓዴው፣ ቫዮሌዮ ሐምራዊው። ቢጫው ለአንድ ኮባልት ስድስት አሞኒያ አለው፤ ወይን ጠጁ አምስት። አረንጓዴውና ሐምራዊው ግን ሁለቱም አራት አራት ናቸው። ክሎሪኑም በሁሉም ሦስት ነው። አንድ ዓይነት ነገር፣ በአንድ ዓይነት መጠን፣ ሁለት ቀለም! ሰዉ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም።

በ1893 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አልፍሬድ ቨርነር የሚባል የ26 ዓመት ወጣት መልስ ይዞ መጣ። ኮባልቱ በቀጥታ የሚይዘው ስድስት ጎረቤት ነው አለ፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች፣ አራቱ በዙሪያ። ከስድስቱ ውጭ የቀረ ክሎራይድ ነጻ ነው፤ ውሃ ውስጥ ይለያያል። ይህን በሲልቨር ናይትሬት መፈተሽ ይቻላል፤ ነጻ የሆነው ክሎራይድ ብቻ ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ይወርዳል። ቢጫው ሦስቱንም ክሎራይድ ይሰጣል። ወይን ጠጁ ሁለት። አረንጓዴውና ሐምራዊው አንድ አንድ። ሁለቱን የሚለያቸው ደግሞ አቀማመጥ ነው። የቀሩት ሁለት ክሎራይዶች ፊት ለፊት ሲተያዩ አረንጓዴ፣ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ሐምራዊ። ቨርነር ለዚህ ሥራው በ1913 የኖቤል ሽልማት አገኘ። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ጊዜው ነው። ይህን ሲጽፍ ኤሌክትሮን መኖሩ ገና አልተረጋገጠም ነበር። ኤሌክትሮን የታወቀው ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1897 ነው።

አምስት ክፍሎች

አሁን ወደ ዝላዩ። እንደ ቲታኒየም፣ ክሮሚየም፣ ብረት፣ ኮባልት፣ ኒኬልና መዳብ ያሉት የሽግግር ሜታሎች የሚባሉት ዲ የሚባሉ አምስት ኦርቢታሎች አሏቸው። ኦርቢታል ማለት ኤሌክትሮን የሚኖርበት ክፍል ነው እንበል። በአንድ ክፍል ቢበዛ ሁለት ኤሌክትሮን ይገባል። ሜታሉ ብቻውን ባዶ ቦታ ላይ ቢንሳፈፍ አምስቱም ክፍሎች እኩል ከፍታ ላይ ናቸው።

ስድስቱ ጎረቤቶች ሲመጡ እኩልነቱ ይፈርሳል። ምክንያቱ ቅርጽ ነው። ከአምስቱ ክፍሎች ሁለቱ በቀጥታ ወደ ጎረቤቶቹ ያነጣጠሩ ናቸው። ሦስቱ በጎረቤቶቹ መሃል ባለው ክፍተት በኩል ይወጣሉ። ጎረቤት የሚመጣው የራሱን ኤሌክትሮን ወደ ሜታሉ አዙሮ ነው፤ ኤሌክትሮንና ኤሌክትሮን ደግሞ ይገፋፋሉ። ስለዚህ ሁለቱ ክፍሎች ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ሦስቱ ወደ ታች ይወርዳሉ። ምድር ቤት ሦስት፣ ፎቅ ላይ ሁለት። በመሃል ያለው የከፍታ ልዩነት ዴልታ ይባላል። የዚህን ጽሑፍ ሸክም ሁሉ የሚሸከመው ይህ ዴልታ ነው።

ሐሳቡን በ1929 ያቀረበው ሃንስ ቤቴ የሚባል የፊዚክስ ሊቅ ነው። እሱ የሚያስበው ስለ ክሪስታል ነበር። ስለዚህም ሐሳቡ የክሪስታል ፊልድ ቲዎሪ ተባለ። ኬሚስቶቹ ግን ወደ ሃያ ዓመት ገደማ ዞር ብለው አላዩትም ማለት ይቻላል። በ1951 ኢልዘና ሃርትማን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ቀላሉን ፈተና ወሰዱ፤ በስድስት ውሃ የተከበበ ቲታኒየም። ይህ አዮን፣ ማለትም ኤሌክትሮን ያጣ አተም፣ አንድ የዲ ኤሌክትሮን ብቻ ነው ያለው። አንድ ኤሌክትሮን፣ አንድ ደረጃ፣ አንድ ዝላይ። ስፔክትረሙም (የትኛው ብርሃን ምን ያህል እንደተመጠጠ የሚያሳየው ሥዕል) አንድ ሰፊ ጉብታ ነው፤ ጫፉ 490 ናኖሜትር አካባቢ። አረንጓዴው ይበላል፤ ሐምራዊ ይተርፋል። ልክ እንደተባለው።

ያ ዝላይ በሞል ሲሰላ ወደ 243 ኪሎጁል ነው። ሁለት የተያያዙ የክሎሪን አተሞችን ለማላቀቅ የሚያስፈልገው ጉልበትም በዚያው ልክ ነው። ትንሽ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ ዴልታ የሜታሉና የጎረቤቱ ትስስር ሙሉ ዋጋ አይደለም። ሁሉንም የያዛቸው ትልቁ ኃይል ሌላ ነው። ዴልታ ትስስሩ ዲ ኦርቢታሎች ላይ የተወው አሻራ ነው። ያን አሻራ ግን በዓይናችን ማየት እንችላለን።

አሁን የቱቦው ጥያቄ ይመለሳል። ውሃው ሲወጣ መዳቡ ብቻውን አይቀርም፤ የሰልፌቱ ኦክስጅኖች ቦታውን ይይዛሉ። እነሱ ከውሃ ደከም ያሉ ስለሆኑ ዴልታ ያንሳል። ጉብታው ወደ ኢንፍራሬድ ይሸሻል። ከሚታየው ብርሃን የሚበላ ስለሌለ ነጭ እናያለን። ዚንክ ደግሞ ለምን አብዛኛውን ጊዜ ነጭ ጨው እንደሚሰጥ ግልጽ ነው። አሥር የዲ ኤሌክትሮን አለው፤ አምስቱም ክፍሎች ሞልተዋል፤ መዝለያ የለም።

ሩቢና ኤመራልድ

ለዚህ ከሁሉ የምወደው ምሳሌ የከበሩት ድንጋዮች ናቸው። ሩቢ ቀይ ነው፤ ኤመራልድ አረንጓዴ። ቀለም ሰጪው በሁለቱም አንድ ነው፤ ሦስት ኤሌክትሮን የቀረው የክሮሚየም አዮን። ጎረቤቶቹም በሁለቱም ስድስት ኦክስጅን ናቸው። በሩቢ ክሮሚየሙ የገባው አሉሚኒየም ኦክሳይድ ውስጥ፣ በአሉሚኒየም ቦታ ነው። ክሮሚየም ከአሉሚኒየም ሰፋ ስለሚል ኦክስጅኖቹ ጠበቅ አድርገው ይይዙታል። ኤመራልድ ማለት ክሮሚየም ያለበት ቤሪል የሚባል ማዕድን ነው፤ እዚያ መያዣው ላላ ይላል። ሩቢ 410 እና 560 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ብርሃን ይመጥጣል። ኤመራልድ ሁለቱንም ጉብታዎች ወደ ረጅሙ ሞገድ ያንሸራትታል፤ ሁለተኛው 600 አካባቢ ይደርሳል። ልዩነቱ ከመቶ አሥር እንኳ አይሞላም። ግን ጉብታው ከአረንጓዴው ላይ ተነስቶ ቀዩ ላይ ተቀመጠ። ለዓይን ቀይና አረንጓዴ ሆድና ጀርባ ናቸው።

ሩቢ ሌላም ሥራ አለው። የመጠጠውን ብርሃን ከፊሉን መልሶ 694 ናኖሜትር ላይ ቀይ አድርጎ ይተፋዋል። በ1960 ቴዎዶር ሜይማን የመጀመሪያውን ሌዘር የሠራው በዚህች መስመር ነው። መስመሯ ቀጭን ናት፤ የመምጠጫ ጉብታዎቹ ግን ወፋፍራም። ለምን? ኤሌክትሮን ከምድር ቤት ወደ ፎቅ ሲወጣ ወደ ጎረቤቶቹ የሚያነጣጥር ክፍል ስለገባ ትስስሩ ይላላል፤ ርቀቱ ይለወጣል፤ ሁሉም ይርገበገባል። ጉብታው የሚሰፋው በዚህ ነው። ቀይዋ መስመር ላይ ግን ኤሌክትሮኑ ፎቅ አልወጣም። እዚያው ምድር ቤት የመሽከርከር አቅጣጫውን፣ ማለትም ስፒኑን፣ ብቻ ነው የገለበጠው። ትስስሩ አልተነካም። የመስመሩ ውፍረት ራሱ ወሬ ያወራል ማለት ነው።

ማን ጠንካራ ነው?

በ1938 ጃፓናዊው ሪዩታሮ ፁቺዳ ብዙ የኮባልትና የመሰል ሜታሎች ስፔክትረም አወዳድሮ ጎረቤቶችን በተራ አሰለፋቸው። ዴልታን ከሚያሳንሰው ወደሚያሰፋው ሲሄድ ሰልፉ በግርድፉ እንዲህ ነው፦ አዮዳይድ፣ ብሮማይድ፣ ክሎራይድ፣ ፍሎራይድ፣ ውሃ፣ አሞኒያ፣ ሳያናይድ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ። ሜታሉ ቢቀየርም ተራው ብዙ አይዛባም። ኒኬል በውሃ ሲከበብ አረንጓዴ፣ በአሞኒያ ወደ ሰማያዊ የሆነው በዚሁ ሕግ ነው።

ሰልፉን አንድ ጊዜ እንደገና እዩት። የሆነ ነገር አይጎረብጣችሁም? እስካሁን የተናገርነው «ኔጋቲቭ ቻርጅ ያለው ጎረቤት ይገፋል» የሚል ነበር። እንግዲያው ከሁሉ በላይ መግፋት የነበረባቸው ኔጋቲቭ የሆኑት እነ ክሎራይድ ናቸው። እነሱ ግን ደካማው ጫፍ ላይ ናቸው! ጠንካራው ጫፍ ላይ የተቀመጠው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቻርጅ የለውም። የግፊያው ታሪክ ጥሩ መነሻ ነው እንጂ እውነቱ አይደለም። ብዙ የመማሪያ መጻሕፍት ይህን በአንድ አንቀጽ ያልፉታል። እኔ ግን የጉዳዩ አንኳር እዚህ ነው ባይ ነኝ።

እውነቱ የሜታሉና የጎረቤቱ ኦርቢታሎች ይደራረባሉ፤ ኤሌክትሮን ይጋራሉ። ክሎራይድ ለሜታሉ ኤሌክትሮን ከመስጠቱ በተጨማሪ ከምድር ቤቶቹ ሦስት ክፍሎች ጋር የሚጋጠሙ ሙሉ ኦርቢታሎች አሉት። ሙሉ ከሙሉ ሲጋጠም ምድር ቤቱ ወደ ላይ ይገፋል። ፎቅና ምድር ይቀራረባሉ፤ ዴልታ ያንሳል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ተቃራኒው ነው። በአንድ እጁ ይሰጣል፤ በሌላው ይቀበላል። ከሦስቱ ክፍሎች ጋር የሚጋጠሙት ኦርቢታሎቹ ባዶ ናቸው። የሜታሉ ኤሌክትሮኖች ወደዚያ ዘንበል ይላሉ። ምድር ቤቱ ይሰምጣል፤ ዴልታ ይሰፋል።

ለዚህ ማስረጃ አለ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ብቻውን ሲሆን በኢንፍራሬድ መለኪያ 2143 በሴንቲሜትር ላይ ይርገበገባል (በአንድ ሴንቲሜትር ውስጥ የሚገባው የሞገድ ብዛት ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ትስስሩ ላላ ማለት ነው)። ስድስቱ ክሮሚየምን ሲከቡ ወደ 2000 ይወርዳል። ከሜታሉ የተቀበለው ኤሌክትሮን የካርቦንና የኦክስጅኑን ትስስር አላልቶታል። ሌላው ማስረጃ በ1953 መጣ። ኦወንና ስቲቨንስ በክሎራይድ በተከበበ ኢሪዲየም ላይ የማግኔት መለኪያ ሠርተው «የሜታሉ» የተባለው ኤሌክትሮን ከፊል ጊዜውን ክሎሪኖቹ ጋ እንደሚያሳልፍ አሳዩ። የክሪስታል ፊልድ ሥዕል በዚህ መልክ ሲስተካከል ሊጋንድ ፊልድ ቲዎሪ ይባላል። ስሙ ይመሳሰላል፤ ይዘቱ ግን ሌላ ነው።

ደረጃው የሚወስነው ሌላም ነገር አለ። ኤሌክትሮኖች አንድ ክፍል ለሁለት መጋራት አይወዱም። ግን ፎቅ መውጣትም ዋጋ አለው። ደረጃው አጭር ከሆነ ወጥተው ለየብቻ ይኖራሉ። ረጅም ከሆነ «ከዚህ ሁሉ መውጣትስ» ብለው ታች ተጣብበው ይቀመጣሉ። ስድስት የዲ ኤሌክትሮን ያለው ብረት በውሃ ሲከበብ አራቱ ለየብቻ ናቸው፤ ማግኔት ይስበዋል። በሳያናይድ ሲከበብ ስድስቱም ተጣምረው ምድር ቤት ናቸው፤ ማግኔት አይስበውም። በ1936 ፖውሊንግና ኮርዬል ደም ላይ ተመሳሳይ ነገር አይተዋል። ኦክስጅን ያልያዘ ሄሞግሎቢን በማግኔት ይሳባል፤ ኦክስጅን ሲይዝ አይሳብም። በነገራችን ላይ ደም ቀይ የሆነው በብረቱ ዝላይ አይደለም። ቀለሙን በዋናነት የሚሰጠው ብረቱን አቅፎ የያዘው የካርቦንና የናይትሮጅን ቀለበት ነው።

ፈዛዛውና ደማቁ

እስካሁን የትኛው ቀለም እንደሚበላ ነው ያወራነው። ምን ያህል ይበላል የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። የማንጋኒዝ ሁለት ፖዘቲቭ አዮን በውሃ ውስጥ ቀለሙ ያለ አይመስልም፤ በጣም ስስ ሮዝ ነው። አምስት ኤሌክትሮን ለአምስት ክፍል፤ ሁሉም ለየብቻ፣ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ የሚሽከረከሩ። ማንኛውም ዝላይ ስፒን መገልበጥ ይጠይቃል። ብርሃን ደግሞ ስፒን መገልበጥ በቀላሉ አይሆንለትም። በዚያ ላይ ሌላ ክልከላ አለ። ስድስቱ ጎረቤቶች ከሜታሉ ግራና ቀኝ እኩል ሲቆሙ ከዲ ወደ ዲ መዝለል የተከለከለ ነው። ጎረቤቶቹ ስለሚርገበገቡ ሚዛኑ ለቅጽበት ይዛባል፤ ትንሽ ብርሃን የሚሾልከው በዚያች ቅጽበት ነው።

አራት ጎረቤት ያለው አቀማመጥ ይህ ሚዛን የለውም። ለዚህ ነው ኮባልት ያለበት እርጥበት ጠቋሚ ሲሊካ ጄል ሲደርቅ ደማቅ ሰማያዊ፣ እርጥበት ሲጠጣ ፈዛዛ ሮዝ የሚሆነው። ሰማያዊው በክሎራይድ የተያዘው ነው፤ ሮዙ በስድስት ውሃ የተከበበው።

ፐርማንጋኔትስ? ያው ማንጋኒዝ ነው፤ ግን ሐምራዊነቱ ዓይን ያወጣ ነው። ቅንጣት ጣል ሲደረግ ባልዲ ሙሉ ውሃ ይቀልማል። አንድ ሰው «የዲ ዝላዩ እንዴት ቢበረታ ነው!» ሊል ይችላል። የሚያስቀው ፐርማንጋኔት ውስጥ ያለው ማንጋኒዝ አንድም የዲ ኤሌክትሮን የለውም። ውጫዊ ኤሌክትሮኖቹን ሰባቱንም አስረክቧል። የሚዘለው የኦክስጅኑ ኤሌክትሮን ነው፤ ከጎረቤት ቤት ተነስቶ ሜታሉ ቤት ይገባል። ይህ የቻርጅ ዝውውር ይባላል፤ ክልከላ አያግደውም። በመጠን ሲወዳደር ከፈዛዛው ማንጋኒዝ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ጊዜ አብልጦ ብርሃን ይበላል።

ሰማያዊ ሳፋየር ከሩቢ ጋር አንድ ድንጋይ ነው፤ ሁለቱም አሉሚኒየም ኦክሳይድ። ሳፋየር ውስጥ ግን የገቡት ጥቂት ብረትና ጥቂት ቲታኒየም ናቸው። ጎን ለጎን ሲቀመጡ ብርሃን ከብረቱ አንድ ኤሌክትሮን አንስቶ ለቲታኒየሙ ያቀብላል፤ ለዚህም ቀዩንና ብርቱካናማውን ይበላል። ይህን ማድረግ የሚችለው ሁለት ፖዘቲቭ የሆነው ብረት ብቻ ነው። ሦስት ፖዘቲቭ የሆነው የሚሰጠውን ኤሌክትሮን አስቀድሞ አጥቷል። ስለዚህ ሳፋየርን ኦክስጅን ባነሰበት ምድጃ ከ1,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲያሞቁት ሰማያዊው ይደምቃል፤ ኦክስጅን በበዛበት ሲያሞቁት ይፈዛል።